ኩላሊት ሰጪው ማን ነው? በጅማ ከተማ ለሕዝብ የተሰጠ ትምህርት



ከአጋሮና ከሊሙ ገነት፣ ከየቡና ከሰቃ ጨቆርሳ፣ እንዲሁም ከዚሁ ከጅማ ከተማ፣ የቡናው ለቀማ ጋብ ባለበት በዚህ ወራት ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ በዚህ አዳራሽ የተሰበሰባችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ ዛሬ የምናገርበት ነገር በአንድ ወገን ሲያዩት ሊቃውንት ብቻ የሚመራመሩበት ረቂቅ ምሥጢር ይመስላል፤ በሌላው ወገን ሲያዩት ግን በብዙ ቤት ምድጃ ዳር የሚመከርበት፣ እንባ የሚፈስበትና አንዳንድ ጊዜም ዘመድ ከዘመድ የሚቀያየምበት የቤተ ሰብ ጉዳይ ነው።

ኩላሊቱ የደከመበት ሰው በተገኘ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው የእጥበቱ ወጪ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ወይም ሦስት ጊዜ ከማሽን ጋር ለሰዓታት መዋል ግድ ስለሚሆን ከብቱ ይሸጣል፣ ቡናው ገና በዛፉ ላይ ሳለ ለነጋዴ ይሰጣል፣ እድሩና ዘመዱ ያዋጣል። ይህ ሁሉ ሆኖ ገንዘቡም ጉልበቱም ሲያልቅ ሽማግሌዎች ይሰበሰቡና «ማን ይስጥ?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል። በዚህ ጊዜ ነው ከአባት ከአያት የወረስነው ሐሳብ ሁሉ ወደ አደባባይ የሚወጣው። አንዱ «ከአንድ ማኅፀን የወጣ ወንድም እያለ ባዕድ አይታሰብም» ይላል፤ ሌላው «ሚስት ምን ደም አላት፣ ደሟ ሌላ ነው» ይላል፤ ሌላውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሌላ ዘር ኩላሊት አይበረክትም» ይላል።

በእነዚህ ቃላት ውስጥ ጥቂት እውነትና ብዙ ስሕተት ተቀላቅሎ ይገኛል። ስሕተቱን የምነቅፈው ግን ያልተማሩ ሰዎች ስሕተት ነው በማለት አይደለም፤ በሕክምና ጥበብ ከዓለም ሁሉ ቀድሞ በተራመደው አገር በአሜሪካ፣ ታላላቅ ሐኪሞችና የሒሳብ ዐዋቂዎች በተሰበሰቡበት ጉባኤ፣ ይኸው ሐሳብ በቁጥር ተሰልቶ፣ ደንብ ሆኖ፣ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷልና። ደንቡ የተሳሳተበትን ነጥብ ካጋለጡት ማስረጃዎች አንዱ ደግሞ ከእኛው ከኢትዮጵያውያን ደም የተገኘ ነው። ስለዚህ ዛሬ ላስረዳችሁ የምሻው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ሰጪው ከኩላሊቱ ጋር ለተቀባዩ የሚያስተላልፈው ውርስ በእውነት ያለ መሆኑን፣ ነገር ግን ያ ውርስ በነገድ ስም ወይም በቆዳ መልክ የሚታወቅ ሳይሆን፣ በእያንዳንዱ ሰው ደምና ሽንት፣ በዕድሜውና በአወላለዱ ተመርምሮ የሚገኝ መሆኑን ነው።

በነቢያት መጻሕፍት ኩላሊት ከልብ ጋር ተጣምሮ የሰው ስውር ሐሳብ ማደሪያ ሆኖ እንደሚጠራ በመካከላችን ያሉት ካህናት ያውቃሉ። ሐኪሞች የሚያውቁት ሥራው ደግሞ ከዚህ ያላነሰ የሚያስደንቅ ነው። አንዱ ኩላሊት 150 ግራም ያህል ብቻ እየመዘነ፣ ሁለቱ በአንድነት በቀንና በሌሊት 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ከዚህም ውስጥ የሚበዛውን ወደ ደም መልሰው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ያህሉን በሽንት ያስወጣሉ። ማጣራቱን የሚፈጽሙት ኔፍሮን የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን የአካል ክፍሎች ሲሆኑ በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ በአማካይ አንድ ሚሊዮን ያህል ይገኛሉ። እነዚህ ኔፍሮኖች ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት በእናቱ ማኅፀን ሳለ ተሠርተው ያልቃሉ፤ ከዚያ በኋላ የሞተው አይተካም፣ አዲስም አይጨመርም። ይህን ነገር ልብ አድርጋችሁ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የአንዱን ሰው ኩላሊት ለሌላው መትከል የተሳካው ከብዙ ሰው ሕልፈት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ዩሪ ቮሮኖይ የተባለ የዩክሬን ሐኪም ከሞተ ሰው የተወሰደ ኩላሊት ለታመመች ሴት ተከለ፤ የሰጪውና የተቀባይዋ የደም ዓይነት የማይስማማ ስለ ነበረ ሴትዮዋ በሁለተኛው ቀን ዐረፈች። በ1952 በፓሪስ አንዲት እናት ከሰገነት ወድቆ ያለውን ብቸኛ ኩላሊት ላጣው ወጣት ልጇ ኩላሊቷን ሰጠች፤ ኩላሊቱ ሦስት ሳምንት ያህል ሠርቶ ቆመ፣ ልጁም ሞተ። በታኅሣሥ ወር 1954 በቦስተን ከተማ ጆሴፍ መሪ የተባለው ሐኪም ከአንድ ዘር ለሁለት ከተከፈሉ መንትያ ወንድማማቾች የአንዱን ኩላሊት ለሌላው በተከለ ጊዜ ግን ነገሩ ሠመረ፤ ተቀባዩም ስምንት ዓመት ኖረ። ለዚህ ሥራው መሪ በ1990 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

የፓሪሷ እናት ኩላሊት ቆሞ የቦስተኑ መንትያ ኩላሊት የሠራበት ምክንያት ዛሬ በሚገባ ታውቋል። ፈረንሳዊው ሊቅ ዣን ዶሴ ከ1958 ጀምሮ እንዳስረዳው፣ በአብዛኛዎቹ ሕዋሶቻችን ላይ ኤች ኤል ኤ የሚባሉ፣ ሰውነታችን የራሱን ከባዕድ የሚለይባቸው ምልክቶች አሉ። ከእነዚህም ምልክቶች ግማሹን ከአባት፣ ግማሹን ከእናት እንወርሳለን። ስለዚህ የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች በእነዚህ ምልክቶች ፈጽሞ አንድ ይሆኑ ዘንድ ያላቸው ዕድል ከአራት አንድ ነው፤ በግማሹ ይገናኙ ዘንድ ከአራት ሁለት፤ በምንም ሳይገናኙ ይቀሩ ዘንድም ከአራት አንድ ነው። አንድ ጡት ጠብተው ባደጉ ወንድማማቾች መካከል እንኳ በዚህ ረገድ ፈጽሞ እንደ ባዕድ የሆኑ መኖራቸውን ብዙ ሰው አያውቅም። «ደሙ ደሜ ነው» የሚለው ቃል ለፍቅር እውነት ነው፤ ለኩላሊት ግን በላቦራቶሪ መረጋገጥ ያለበት ነገር ነው።

እንዴት እንደሚረጋገጥ ላሳያችሁ። የላቦራቶሪው ባለሙያ ከሰጪው ደም ነጩን የደም ሕዋስ ይለይና፣ በጥቃቅን ጉድጓዶች በተሞላች አነስተኛ ሰሌዳ ላይ ከተቀባዩ የደም ውሃ ጋር ያገናኘዋል። ጥቂት ጊዜ ቆይቶ ቀለም ይጨምርበትና በማይክሮስኮፕ ይመለከታል። በተቀባዩ ደም ውስጥ የሰጪውን ሕዋስ የሚቃወም ኀይል ካለ ሕዋሳቱ ሞተው ቀለሙን ይጠጣሉ፤ ከሌለ ግን ሕያዋን ሆነው ያበራሉ። ፓቴልና ተራሳኪ የተባሉት ተመራማሪዎች በ1969 ባወጡት ጽሑፍ፣ ሕዋሳቱ እየሞቱ ንቅለ ተከላው ከተደረገላቸው 30 ሰዎች የ24ቱ ኩላሊት ወዲያው ሲቆም፣ ሕዋሳቱ በሕይወት ከቆዩላቸው 195 ሰዎች ግን ወዲያው የቆመባቸው 8 ብቻ መሆናቸውን አስረዱ። ስለዚህ ይህ ፈተና ከየትኛውም የትውልድ ሐረግ ቆጠራ ይበልጣል።

በዚህ ላይ ለእናቶች በተለይ የሚነገር ነገር አለ። ሴት በፀነሰች ጊዜ የሕፃኑ ግማሽ ምልክት የአባቱ ስለሆነ፣ የእናቲቱ ሰውነት የባሏን ምልክት በጽንሱ አማካይነት ዐውቆ መቃወምን ሊማር ይችላል። ስለዚህ ብዙ ልጆች የወለደች ሴት ኩላሊቷ ቢደክምና ባሏ ወይም ልጇ ሊሰጣት ቢወድ፣ ፍቅሩ ምንም ያህል ፍጹም ቢሆን፣ የሰሌዳዋ ፈተና ሊከለክለው ይችላል፤ ሚስት ለባሏ ስትሰጥ ግን ይህ እንቅፋት የለም። ይህን የምናገረው ባል ከሐኪም ቤት «አይሆንም» ተብሎ ሲመለስ በሚስቱ ዘመዶች ዘንድ እንደ ሸሸ ሰው ሆኖ እንዳይታይ ነው።

ሚስት «ሌላ ደም» ናት ለሚሉትም ከዚህ የበለጠ መልስ አለ። ተራሳኪና ባልንጀሮቹ በ1995 በአሜሪካ የተደረጉትን የብዙ ሺህ ንቅለ ተከላዎች ውጤት ሲመረምሩ፣ ከባል ወይም ከሚስት የተሰጠ ኩላሊት ከሦስት ዓመት በኋላ ከመቶ 85ቱ በሥራ ላይ ሲገኝ፣ ከወላጅ የተሰጠው ከመቶ 82ቱ፣ ከሞተ ሰው የተወሰደው ደግሞ ከመቶ 70ው ብቻ በሥራ ላይ ሆኖ አገኙት። ባልና ሚስት በኤች ኤል ኤ ምልክት እንደማንኛውም ባዕድ የማይገናኙ ሳሉ ውጤታቸው ይህን ያህል ያማረው፣ ኩላሊቱ ከጤነኛና ከሕያው ሰው ወጥቶ ሳይዘገይና ሳይጎዳ ስለተተከለ ነው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የተገኙት ተቃውሞን የሚያበርዱ መድኃኒቶች የምልክቱን ልዩነት ብዙ አቅልለውታል፤ የኩላሊቱን የራሱን ጤንነት ግን የትኛውም መድኃኒት አይተካውም።

በአገራችን ይህ ሕክምና የተጀመረው በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ቀዶ ሐኪሞች ከኛ ሐኪሞች ጋር አብረው ቆመው የመጀመሪያዎቹን ንቅለ ተከላዎች ፈጸሙ። ቀድሞ ወደ ህንድና ወደ ሌላም አገር ሄዶ ለመታከም በየመንገዱ ገንዘብ ይለመንለት የነበረው ሕመምተኛ በአገሩ በወገኑ እጅ ይድን ዘንድ በር ተከፈተ። አገልግሎቱ ሲጀመር በጸናው ሥርዐት መሠረት ሰጪው ሕያው የሆነ የታማሚው ዘመድ መሆን ነበረበት፤ ዝምድናውም በማስረጃ ይረጋገጥ ነበር። ሥርዐቱ የድኻ ኩላሊት ለባለጠጋ እንዳይሸጥ ስለሚከላከል በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ሰጪው ከዘመድ መካከል ብቻ ሲፈለግ፣ በዘር የሚተላለፍ ሕመም በታማሚውም በሰጪውም ውስጥ አብሮ ሊገኝ ስለሚችል ምርመራው የጠለቀ መሆን አለበት። ኩላሊትን በውኃ ቋጠሮ የሚሞላው ሕመም ይህን ያስረዳል፤ አባት ወይም እናት ካለባቸው ከልጆቻቸው እኩሌታው ያህል ይወርሰዋል፤ በወጣትነት ሳይታይ ቆይቶ በጎልማስነት የሚገለጥ በመሆኑም ዛሬ ጤነኛ የሚመስለው የ22 ዓመት ወንድም ነገ የሕመሙ ባለቤት ሊሆን ይችላል።

አሁን አስቀድሜ ልብ አድርጋችሁ ያዙልኝ ወዳልኋችሁ ነገር ልመለስ። ኔፍሮን በማኅፀን ተሠርቶ የሚያልቅ ከሆነ፣ እናቱ በእርግዝናዋ ወራት የተራበች ወይም በወባ የተደጋገመች፣ ክብደቱም ሳይሞላ የተወለደ ሕፃን፣ ያነሰ ቁጥር ያለው ኔፍሮን ይዞ ወደዚህ ዓለም ይመጣል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በጀርመን ተመራማሪዎች በአደጋ የሞቱ ሰዎችን ኩላሊት መርምረው ግፊት የነበረባቸው 10 ሰዎች ግፊት ካልነበረባቸው 10 ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ የኔፍሮናቸው ቁጥር እኩሌታ ያህል ብቻ ሆኖ አገኙት። ሰጪው ሠላሳና አርባ ዓመት ከሞላው በኋላ በሐኪም ፊት ሲቀመጥ፣ በኩላሊቱ ውስጥ የእናቱ ጥጋብ ወይም ረኀብ ተጽፎ ተቀምጧል። የሰጪው ጀርባ፣ የሰጪው ትውልድ ተብሎ በእውነት መጠየቅ የሚገባው እንዲህ ያለው ነው፤ ሲወለድ ስንት ኪሎ ነበር፣ በልጅነቱ በምን ታሞ ነበር፣ እናቱ በሕይወት ካሉ ከእርሳቸው በስተቀር ማን ያውቀዋል? በገጠራችን ብዙ ሰው ሲወለድ በሚዛን ስለማይመዘን የአያትና የእናት ትዝታ ለሐኪሙ የታላቅ መዝገብ ያህል ይጠቅማል።

ከዚህ ቀጥዬ የምነግራችሁ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የእኛን አገር የሚነካ ነው፤ እርሱም የሚጀምረው ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ከምትሻገሩት ከግቤ ሸለቆ ነው።

በግቤና በጎጀብ ቆላ የሚኖር ገበሬ ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ በሚገባ ያውቀዋል። በሬው ጠጉሩ ይቆማል፣ ይከሳል፣ ዐይኑ ያለቅሳል፣ እየበላ ይደክማል፣ በመጨረሻም ከቀንበሩ ሥር ይወድቃል። በሽታውን የሚያመጣው ትሪፓኖሶም የሚባል በደም ውስጥ የሚዋኝ ጥቃቅን ሕያው ነው፤ እርሱንም ከከብት ወደ ከብት የሚያደርሰው የቆላ ዝንብ ነው። ያው ዝንብ ገበሬውን ራሱን ቀኑን ሙሉ ሲነድፈው ይውላል፤ በሬው ሲሞት ግን ገበሬው ገንዲ አይዘውም። ይህ ለምን ሆነ? በሰው ደም ውስጥ ያንን ጥቃቅን ሕያው የሚገድል ፕሮቲን ስላለ ነው። ይህንንም ፕሮቲን በ2003 በብራስልስ የሚሠሩ ሊቃውንት ለይተው አወጡት፤ ስሙ አፖ ኤል አንድ ይባላል። በ2006 ደግሞ በህንድ አገር ይህ ፕሮቲን ፈጽሞ የሌለው አንድ ገበሬ ተገኘ፤ ሰውን የማይነካው የከብት ትሪፓኖሶም እርሱን ግን አሳመመው። በዚህም የፕሮቲኑ ጠባቂነት በማያጠራጥር መንገድ ተረጋገጠ።

ነገር ግን በምዕራብና በምሥራቅ አፍሪካ ይህን ፕሮቲን የሚቋቋሙ፣ ሰውንም በእንቅልፍ በሽታ የሚገድሉ ሌሎች ትሪፓኖሶሞች አሉ። በእኛም አገር በጋምቤላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ይህ የሰው በሽታ ተነሥቶ ሕዝብ ጎድቷል። በምዕራብ አፍሪካ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት፣ ሕዝቡ በዚህ በሽታ ሲያልቅ፣ በጥቂት ሰዎች ዘረ መል ላይ አፖ ኤል አንድን የሚያበረታ ለውጥ ተፈጠረ፤ ይህም ዛሬ ጂ 1 እና ጂ 2 በሚባሉ ስሞች ይታወቃል። ከወላጆቹ በአንደኛው በኩል ይህን ለውጥ የወረሰ ሰው ከበሽታው ተረፈ፣ ልጆችም ወለደ፤ ስለዚህ ለውጡ በዚያ አካባቢ በዛ። ከአባትም ከእናትም አንዳንድ ለውጥ ወርሶ ሁለት የያዘ ሰው ግን ሌላ ዕዳ ተቀበለ፤ ፕሮቲኑ የኩላሊቱን የማጣሪያ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይጎዳልና። ይህም ምሥጢር በ2010 ተገለጠ። በባርነት ወደ አሜሪካ ከተወሰዱት ምዕራብ አፍሪካውያን የተወለዱት ጥቁር አሜሪካውያን፣ ከመቶ 13ቱ ያህል ሁለቱን ለውጦች ይዘው ይገኛሉ፤ በእነርሱ ዘንድ የኩላሊት ድካም እጅግ የበዛበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ይህን ምሥጢር ፈልገው ካገኙት ሊቃውንት አንዱ ወገን በእስራኤል አገር ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች ናቸው። እነርሱ ወደዚያ በፈለሱት ኢትዮጵያውያን መካከል የኤች አይ ቪ ቫይረስ ያለባቸውን ሲመረምሩ አንድ የሚያስገርም ነገር አስተዋሉ፤ ይህም በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ከቫይረሱ ጋር ተያይዞ የሚመጣው ክፉ የኩላሊት በሽታ በኢትዮጵያውያኑ ላይ አለመታየቱ ነው። ይህን በ2006 ጻፉ። የአፖ ኤል አንድ ነገር ከተገለጠ በኋላም ወደ ኢትዮጵያውያኑ ደም ተመልሰው ቢመረምሩ ጂ 1ንና ጂ 2ን አላገኙም፤ ይህንም በ2011 አስታወቁ። ቆዳችን ጥቁር ነው፤ አፍሪካዊነታችንም አይጠረጠርም፤ ነገር ግን ያ ለውጥ በተፈጠረበትና በበዛበት የትውልድ ወንዝ ውስጥ አያቶቻችን አልነበሩም።

ይህ የእኛ ደም ምስክርነት ለአሜሪካ ደንብ ሰሪዎች በጊዜው አልደረሰም፤ ወይም ደርሶ አልተሰማም። ከሞተ ሰው የተወሰደ ኩላሊት ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ለመገመት በ2009 አንድ ስሌት ታትሞ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ በአገሪቱ ሁሉ ኩላሊት የሚታደልበት ደንብ አካል ሆነ። ስሌቱ የሚመለከታቸው ነገሮች አሥር ሲሆኑ ዕድሜ፣ ቁመት፣ ክብደት፣ ግፊት፣ ስኳር፣ የሞት ምክንያትና የመሳሰሉት ነበሩበት። ከአሥሩም አንዱ ሟቹ ጥቁር መሆኑ ነበር፤ ጥቁር ከሆነ የኩላሊቱ የመቆም ሥጋት ከመቶ 20 ያህል ከፍ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ቁጥሩ ከፍ ያለበት ኩላሊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ተቀባይ ሳያገኝ ይጣላል።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ልብ በሉ። በዋሽንግተን አካባቢ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ከእነርሱ አንዱ በመኪና አደጋ ቢሞትና ቤተ ሰቡ ከኀዘኑ በላይ ለሌላው አስቦ ኩላሊቱን ቢሰጥ፣ ምናልባት በደሙ ውስጥ ጂ 1ም ጂ 2ም የሌለው ያ ሰው በመዝገቡ ላይ «ጥቁር» ተብሎ ስለሚጻፍ ብቻ ኩላሊቱ ዋጋው ዝቅ ብሎ ይመዘን ነበር። እንዲሁም ከመቶ 13ቱ ያልሆኑት፣ ማለትም ከመቶ 87ቱ ያህል ጥቁር አሜሪካውያንም፣ ሁለቱን ለውጦች ሳይዙ በጅምላ ተቀጥተዋል። ሁለቱን ለውጦች የያዘ ሰው ኩላሊት ቶሎ እንደሚደክም በ2011ና ከዚያም ወዲህ በተደጋጋሚ ተረጋግጧል፤ ሁለቱን ያልያዘ ጥቁር ሰው ኩላሊት ግን ከነጭ ሰው ኩላሊት እኩል ያገለግላል። ስለዚህ ስሌቱ በቆዳ መልክ የጻፈው ነገር በአንዲት ጠብታ ደም መመርመር የሚቻል ነገር ነበረ።

የጅማ ሰው ይህን ነገር ከማንም ይልቅ በቡናው ሊረዳው ይችላል ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ አረንጓዴውን ፍሬ በዛፉ ላይ ማጥቆር በጀመረ ጊዜ፣ እዚሁ በአጠገባችን ያለው የጅማ የግብርና ምርምር ማእከል ሊቃውንት የአንዱን አውራጃ ቡና በጅምላ አልኰነኑም፣ የሌላውንም በጅምላ አላመሰገኑም፤ በየጫካውና በየጓሮው እየዞሩ በሽታው በበዛበት መካከል ፍሬዋ ጤነኛ ሆኖ የተገኘችውን እያንዳንዷን እናት ዛፍ ለይተው ዘሯን ወሰዱና ፈተኑ። ዛሬ ገበሬው 74110፣ 74112 እያለ የሚጠራቸው ዝርያዎች በ1974 ከተመረጡት እናት ዛፎች የተገኙ ናቸው፤ ቁጥሩ ራሱ የተመረጡበትን ዓመት ይናገራል። በዚያው ቀበሌ የበቀለች፣ ቅጠሏም መልኳም የሚመሳሰል ጎረቤት ዛፍ ግን በበሽታው ልታልቅ ትችል ነበር።

የአሜሪካ የአካል ክፍል ንቅለ ተከላ ጉባኤ ከብዙ ሊቃውንትና ሕመምተኞች ክርክር በኋላ በ2024 የቆዳን መልክ ከዚያ ስሌት አወጣው። አስቀድሞም በ2022 የኩላሊትን ጉልበት በሚለካው ሒሳብ ለጥቁር ሰዎች የሚጨመረው ልዩ ቁጥር ለንቅለ ተከላ ተራ በሚጠብቁት ላይ እንዳይሠራ ታገደ፤ ያ ቁጥር የጥቁሮችን ኩላሊት ከእውነቱ በላይ ጤነኛ አስመስሎ ተራቸውን ያዘገይባቸው ነበርና። አንዱ ሒሳብ ጥቁሩን ሰው ሲሰጥ ያሳንሰው፣ ሌላው ሒሳብ ደግሞ ሲቀበል ያዘገየው ነበር፤ ይህ ግፍ ነበር፤ ግፍ መሆኑንም ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

እንግዲህ ወደ እኛው ቤት እንመለስ። «የሌላ ዘር ኩላሊት አይበረክትም» የሚለው ቃል በእኛ አገር ከተነገረ ትርጉሙ የከፋ ነው፤ በኦሮሞና በአማራ፣ በዳውሮና በየም፣ በከፋና በጉራጌ መካከል ኩላሊትን የሚለይ ወሰን የለም። ጅማ ደግሞ ከቡናው ንግድ የተነሣ ከየአገሩ የመጣ ሰው ተጋብቶና ተዋልዶ የኖረባት ከተማ ስለሆነች፣ በብዙ ቤት ባልና ሚስት፣ አማችና ምራት ከተለያየ ወገን ናቸው። እነዚህ ሰዎች በሕጉ ዘመድ ሆነው ሊሰጡ ሲመጡ የወገናቸውን ስም የሚጠይቅ ሽማግሌ ካለ ዝም ይበል፤ የሚጠየቁት ሌላ ነገር አለ። የደማቸው ዓይነት ምንድን ነው? በሰሌዳዋ ላይ ሕዋሳቸው ይቆያል ወይስ ይሞታል? ግፊታቸው ስንት ነው፣ በሽንታቸው ፕሮቲን አለ ወይ፣ ስኳር ከቤተ ሰቡ ማንን ይዞታል? በጉበታቸው ሄፓታይተስ ቢ ተደብቆ እንደ ሆነ ተመርምሯል ወይ? የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ያውቃል ወይ? ተቃውሞን የሚያበርደው መድኃኒት የተቀባዩን ሰውነት የበሽታ መከላከያም ስለሚያደክም፣ በሰጪው ዘንድ አንቀላፍቶ የኖረ ተውሳክ በተቀባዩ ዘንድ ሊነሣ ይችላልና። በቆላማው ወንዝ ዳር እየታጠበ ያደገ ሰውም የቢልሃርዚያ ምርመራ ሊደረግለት ይገባል።

ከእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ ደግሞ አለ፤ እርሱም ሰጪው በፈቃዱ መምጣቱ ነው። በአገራችን ታናሽ ወንድም ለታላቁ፣ ሚስት ለባሏ እንቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሐኪሙ ሰጪውን ብቻውን፣ ዘመድ በሌለበት ክፍል አስቀምጦ «በእውነት ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ እርሱም አይሆንልኝም ቢል ሐኪሙ ምሥጢሩን ጠብቆ ለቤተ ሰቡ «ምርመራው አልፈቀደም» ብቻ ሊል ይገባዋል። ሽማግሌዎች፣ ቄሶችና ሼኮች ሆይ፤ በእንዲህ ያለ ምክር ላይ ስትቀመጡ የሰጪውን ነጻነት የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ፤ በግዴታ የሚሰጥ ስጦታ ጽድቅም ሰደቃም ሊባል አይችልም።

ፈቅዶ ለሚሰጠውም ሰው እውነቱ ሳይሸሸግ ይነገረው። ቀዶ ሐኪሙ የደም ሥሮቹን ሰፍቶ ማቆሚያውን በለቀቀ ጊዜ፣ ገርጥቶ የነበረው ኩላሊት በዐይን እያዩት ይቀላል፤ ከጥቂት ደቂቃም በኋላ ከቧንቧው ሽንት መንጠባጠብ ይጀምራል። ያን ያየ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። ነገር ግን በሌላው ክፍል የተኛው ሰጪ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በአንድ ኩላሊት የሚኖር ሰው ሆኗል። በ2014 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ከ10000 ሰጪዎች 31 ያህሉ ኩላሊታቸው ሲቆም፣ እንደ እነርሱ ጤነኛ ሆነው ካልሰጡት 10000 ሰዎች ግን 4 ያህሉ ብቻ ቆሞባቸዋል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን ባዶ አይደለም። በአሜሪካ በአንዳንድ ሆስፒታሎች ከምዕራብ አፍሪካ ትውልድ የሆነ ሰው ሊሰጥ ሲመጣ አፖ ኤል አንድ የሚመረመርለት ከተቀባዩ ይልቅ ለራሱ ለሰጪው ደኅንነት ታስቦ ነው።

ሰጪው ወደ አጋሮ ወይም ወደ ሊሙ ተመልሶ ቁስሉ ሲድን፣ እርሻውን ሲያርስ፣ ቡናውን ሲለቅም፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ተቀባዩ ነው፤ «ወንድምህ እንዴት ነው?» ይሉታል። እርሱንም «አንተስ?» በሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በያመቱ ግፊቱን መለካት፣ ሽንቱንና በደሙ ውስጥ የኩላሊቱን ጉልበት የሚያሳየውን ክሬቲኒን ማስመርመር አለበት፤ ለዚህም ወደ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልገውም፤ በአቅራቢያው ባለው ጤና ጣቢያ ግፊቱን፣ በዚህ በጅማ ሆስፒታል ደግሞ ደሙን ማስመርመር ይችላል። እድሩ ለታማሚው እጥበት ባዋጣበት ልብ ለሰጪው የዓመት ምርመራና ለመንገዱ ጥቂት ገንዘብ ቢያስቀር፣ ይህንንም በእድሩ ደንብ ውስጥ ቢያጽፈው፣ ከዛሬ ጀምሮ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው።